የጣጣ የጠዋት መድኃኒት

ሞት የተጠራው ለውሻው ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ በቀጠሮው መሠረት መርፌውን በቦርሳ ይዞ ማለዳ ሰዓት ሠሪው ቤት ሲደርስ በሩ ሳይቆለፍ ገርበብ ብሏል፤ ሰዓት ሠሪው ከደረጃው ሥር በጀርባው ተዘርሯል። የዚያን ዕለት ሊሞት የነበረው ውሻ ከሬሳው አጠገብ ተጋድሞ የገዛ አፉን ይልሳል።

መርማሪዋ ስትጠራ ባሏን ቁርስ እያጎረሰች ነበር። ባሏ አልጋ ከያዘ ዓመታት አልፈዋል። ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ቆይ» ይሏታል፤ ሰው ሁሉ ጨረስን ሲል እሷ «ቆይ» ስለምትል ነው። ቅጽል ስሙ የወጣላት ሰሞን ተቆጥታ ነበር። አሁን ግን መቆጣትም አቅም ይጠይቃል።

ሃምሳ አለቃው ደጃፉ ላይ ተቀበላት።

«ትናንት ጀምበር ስትጠልቅ ነው የሞተው» አላት። «ተገፍቶ ነው። ሸሚዙ ደረቱ ላይ ተቀዷል፤ አዝራሩን ላይኛው ደረጃ ላይ አገኘነው። በሩ አልተሰበረም። ቁልፍ ያላቸው ሚስቱ፣ ወንድሙና ጎረቤቱ አናጢው ናቸው። ወንድሙ ደግሞ በዚያው ሰዓት ከዚህ በር ሲመለስ ታይቷል። እሱን እንያዝና እንገላገል።»

«ቆይ» አለችና ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ምድጃው ላይ ሩዝ የተቀቀለበት ድስት ተቀምጧል። በእጇ ዳሰሰችው፤ ለብ ያለ ነው። በውሻው ሳህን የተረፈው ሩዝም እንደዚያው። ሐኪሙን አስጠራችው።

«ዶክተር፣ ይህን ሩዝ የቀቀሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔማ የመጣሁት ላሳርፈው ነው፤ ምን ብዬ አበላዋለሁ?»

«ምን ሆኖ ነው የሚያርፈው?»

ሐኪሙ ተነፈሰ። «የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ጠላት ሆኖበት ቆዳውን ይበላዋል። መድኃኒት ያስታግሰዋል እንጂ አያድነውም። ከመንገድ ዳር ካነሱት ጀምሮ ጠዋትና ማታ፣ ምግብ ከቀመሰ በኋላ አንድ አንድ ፍሬ ክኒን እየዋጠ ነው የኖረው። ትናንት ከሰዓት ሰውየው ሲያመጣልኝ ጉበቱ ተጎድቶ አገኘሁት። ስለዚህ ከማታው ጀምሮ ግማሽ ብቻ ስጠው፣ ሙሉው መርዝ ይሆንበታል አልኩትና አዲስ እሽግ ሰጠሁት። ቤቱ እንደደረሰ ደወለልኝ። ‹በቃኝ፣ ደክሞኛል፤ ጠዋት መጥተህ ገላግለው› አለኝ።»

«መድኃኒቱ ግማሽ መሆኑን ለሌላ ሰው ነግረዋል?»

«ለማንም።»

እሽጉን መስኮቱ ላይ አገኘችው። የአንድ ፍሬ ቦታ ብቻ ባዶ ነው፤ የተረፈ ግማሽ የትም የለም። ቆማ አሰበችና ሐኪሙን ስለግማሹ ነገር እንዳይተነፍስ አስጠነቀቀችው።

ወንድምየው ታክሲ ነጂ ነው። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል።

«ጋሼን የገደለው ይሄ ውሻ ነው!» አለ። «እንቅልፍ የለ፣ ዘመድ ጥየቃ የለ! ስሙንም ጣጣ ያለው እሱ ራሱ ነው።»

«ትናንት ለምን መጣህ?»

«ልጠይቀው። አንኳኳሁ፣ ዝም አለኝ። ተኝቷል ብዬ ተመለስኩ።»

«ቁልፍ እያለህ?»

«ስንት ጊዜ እንቅልፍ ያጣ ሰው ይቀሰቀሳል እንዴ?»

አናጢው ቀጠለ። «ውሻው በጮኸ ቁጥር ተሳድቤያለሁ፤ አልዋሽም። በጩኸት የምገድል ብሆን ግን ይሄ ሰፈር ባዶውን በቀረ!»

በመጨረሻ ሚስቲቱ ገባች። ጥቁር ለብሳለች። «ወይ እኔ ወይ ውሻው ብዬው ነው ወደ እህቴ ቤት የሄድኩት። ከሰኞ ወዲህ ድምፁንም አልሰማሁ። ውሻውንም ዓይኑን ማየት አልፈልግም» አለች። ይህን እያለች፣ ወደ ታች ሳታይ፣ የውሃውን ሳህን በእግሯ ጫፍ ወደ ውሻው አፍ ገፋ አደረገችለት። ከዚያ ቀጣዩ ጥያቄ ሳይጠናቀቅ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች አንቀላፋች። መርማሪዋ ይህን ዓይነት እንቅልፍ ታውቀዋለች። ልትወቅሳት ቀርቶ ልትቀሰቅሳትም አልጨከነችም፤ ጥቂት ተወቻት።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ከነገሩ በፊት የጣጣ መድኃኒት ሰዓት ደርሷል» አለች። አንድ ሙሉ ፍሬ አውጥታ ለወንድምየው ሰጠችው። «በልቷል። አንተ አስውጠው።»

ታክሲ ነጂው እየተጸየፈ የውሻውን አገጭ ያዘና ክኒኑን ወደ አፉ አስጠጋ።

«ሙሉውን አይደለም!» ሚስቲቱ ከወንበሯ ተነስታ እጁን ያዘችው። «ትገድለዋለህ! ግማሽ ነው!»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ውሻው ብቻ ጅራቱን ወለሉ ላይ ይመታል።

«ልክ ነዎት፣ ግማሽ ነው» አለች መርማሪዋ። ድምፏ ውስጥ ድል የሚባል ነገር አልነበረም። «ዛሬ ማለዳ ድስቱ ለብ ያለ ነበር። ባለቤትዎ ከሞቱ ሌሊት አልፏል፤ ስለዚህ ሩዙን የቀቀለው ሌላ ሰው ነው። ሬሳውን አልፎ ወጥ ቤት የገባ፣ ሳይጮህ፣ ጎረቤት ሳይጠራ ውሻውን ያበላ ሰው። ከአዲሱ እሽግ የጎደለው አንድ ፍሬ ብቻ ነው። ማታ ግማሽ፣ ጠዋት ግማሽ። ጠዋት የሰጠው ሰው ልኩ መቀነሱን ያውቃል ማለት ነው። ሐኪሙ ለባለቤትዎ ብቻ ነው የነገሩት፤ ያውም ትናንት ከሰዓት። እርስዎ ከሰኞ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም ብለውኛል። ታዲያ ግማሽ መሆኑን ማን ነገረዎት?»

ሴትዮዋ ውሻው አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ልብስ ልወስድ ነበር የመጣሁት። ግማሹን እየሰጠው አገኘሁት። ‹ጉበቱ እያለቀ ነው፤ ይሄ የመጨረሻው ማታ ነው፣ ነገ ሐኪሙ ያሳርፈዋል› አለኝ። ለካ ወይ እኔ ወይ ውሻው ስለው እውነቴን መስሎታል! እኔ የፈለግሁት አንድ ቀን እንኳ አብረን እንድንተኛ ነው። ስለደከመህ ትገድለዋለህ ወይ ብዬ ደረጃው አናት ላይ ደረቱን ይዤ ወዘወዝኩት፤ ሸሚዙ ተቀደደ፣ እሱም ወደቀ።» እጇን ውሻው ጀርባ ላይ አሳረፈች። «እኔም እኮ ደክሞኝ ነበር።»

«ከሸሹ በኋላ ለምን ተመለሱ?»

«ሳይበላ ቢቀርስ? መድኃኒቱ ከተቋረጠበት እኮ ይወድቃል። ሐኪሙንም በር ላይ ጠብቄ ልመልሰው ነበር፤ ሬሳውን እንደገና ሳይ አቃተኝ።»

ታክሲ ነጂው ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ቆየ። ያለቅስ ነበር። ከዚያ ክኒኑን በጥፍሩ ለሁለት ሰበረው፤ ሐኪሙም ቦርሳውን ዘጋ።

«እትዬ» አለ፣ እያያት ሳይሆን ውሻውን እያየ። «እንዴት ነው የሚሰጠው?»

«ወደ ጉሮሮው አስጠጋለት። አፉን ዝጋና አንገቱን ወደ ታች አሻሸው። ጉንጩ ውስጥ ይደብቃል፤ ተንኮለኛ ነው፣ እንዳታምነው።»

ሃምሳ አለቃው ክንዷን ያዘ። «እንሂድ፣ ተነሺ» አላት።

«ቆይ» አለች መርማሪዋ። «መጀመሪያ ይዋጠው።»