ከአሥራ ሁለቱ አራቱ

ጥይቱ የመልእክተኛዋን ጉሮሮ በሳው።

ፖስታውን ገና እያቀበለችው ነበር። ደሟ ፊቱ ላይ ተረጨ። በሚሠራበት የልብስ ፋብሪካ የስፌት መኪና ጠጋኝነቱን እንጂ ሰላይነቱን የሚያውቅ የለም። ሊታፈኑ የታሰቡ ሠላሳ ሰዎች ስም የያዘውን ፖስታ ወሽቆ በልብስ ማጠቢያው ጓሮ ወጣ። ከተኳሾቹ አንዱ ደረሰበት። እሱም በጥገና መፍቻው ግንባሩን አለው። ደገመው።

ሰውየው አልተነሳም።

የቡድናቸው ሾፌር መኪናውን አስነስቶ እየጠበቀው ነበር።

መሸሸጊያቸው ሲደርስ ጋሼን ብቻውን አገኘው። ጋሼ አለቃው ነው፤ አባቱ ከሞተ ወዲህ ያሳደገው አጎቱም ነው።

«ከሃዲው ሾፌሩ ነው» አለ ጋሼ። «ሁለቴ ስንመታ እሱ ነበር የነዳው። ጨርሰው ልጄ።»

እሱ ግን ነገሩን ሾላ በድፍን ብሎ አልተቀበለም። ድሮ የሒሳብ መምህር ነበር።

የዛሬውን ጨምሮ አሥራ ሁለት ርክክብ አድርገዋል። አራቱ ተነቅተዋል፤ ከሦስት አንዱ። ሾፌሩ የነዳው ስድስቱን፤ ከነዚያ የተነቁት ሁለት። አሁንም ከሦስት አንዱ። ሾፌሩ ኖረም አልኖረ ለውጥ የለም። መነቃታቸው በእሱ መንዳት ላይ አልተመሠረተም።

ጋሼ በመጨረሻው ሰዓት ቦታ የቀየረባቸውስ?

አራት። የተነቁትም እነዚያው አራት። ካልቀየረባቸው ስምንቱ አንዱም አልተነቃም።



ግን ቁጥር ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም። ከመሸሸጊያው ወጥቶ ለጋሼ ብቻ ደወለ። «ነገ አራት ሰዓት፣ የጨርቅ መጋዘኑ ውስጥ ፖስታውን አስረክባለሁ።»

በማግስቱ ልክ በአራት ሰዓት ሦስት የታጠቁ ሰዎች ገቡ። እሱና ቦታውን ሳይነግረው ይዞት የመጣው ሾፌር ከጣቃዎቹ ጀርባ ተኮሱ። ደቂቃ ሳይሞላ ሦስቱም ወደቁ። ሾፌሩ የተመታ ሆዱን ይዞ ተቀመጠ።

«ጠርጥረኸኝ ነበር?»

«ለአንድ ሰዓት ያህል።»

«ታዲያ ምን አዳነኝ?»

«ሒሳብ።»

ሾፌሩ ሊስቅ ሲል ደም አስመለሰው። ትንፋሹም እዚያው ቆመ።

ወደ መሸሸጊያው ሲመለስ ጋሼ መስታወት ፊት ጢሙን እየተላጨ ነበር።

«ሾፌሩን ጨረስከው?»

«አንተ ጨረስከው እንጂ።»

ጋሼ ምላጩን ሰነዘረበት፤ መዳፉን እስከ አጥንቱ ሰነጠቀው። እሱም በፎጣው የጋሼን አንገት ጠመጠመ።

«ደከመኝ እኮ ልጄ... እነሱ ናቸው የሚያሸንፉት... ያሳደግሁህ እኔ ነኝ...»

«አውቃለሁ።»

የጋሼ እግሮች እስኪረጉ ድረስ አልለቀቀውም።

ፖስታው በዚያው ቀን ደረሰ። ሠላሳዎቹም አንድ ሳይቀር አመለጡ።

ከሳምንት በኋላ በሌላ ከተማ፣ እጁን በፋሻ የጠቀለለ ሰው ለቀለም ቀቢነት ሥራ ሊመዘገብ ተሰለፈ።

«አደጋ ቢደርስብህ የምንጠራው ዘመድ?» አለችው መዝጋቢዋ።

በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ።

«የለኝም።»

«ቀጣይ!» አለች፣ ቀና ሳትል።