በዝናቡ መሃል የተሰማው ገለጻ

አልአዛር የተገኘው ከእንግዳ ማረፊያው ጀርባ በደረቱ ተደፍቶ ነው። ቤቱ ተዳፋት ላይ ስለተሠራ ከፊት ለፊት አንድ ፎቅ ብቻ ያለው ይመስላል፤ ከኋላ ግን ገደል ነው። የእሱ ክፍል ሰገነት ከዚያ ከፍታ ላይ ወደ ታች ያያል። ራሱ ለግንብ ሥራ በመጣ ድንጋይ ላይ፣ የቀረው አካሉ አፈር ላይ ነበር።

ኢንስፔክተር ውድነሽ ስትደርስ ጭቃው ጫማዋን እየያዘ አስቸገራት። ወሩ ጥር ነው። ከገና ወዲህ ሚዛን ተፈሪ ከተማ የዝናብ ጠብታ አይታ አታውቅም ነበር፤ የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን ሰማዩ ሳይታሰብ ተቀደደና ገበሬውን ሁሉ ማድረቂያ አልጋ ላይ ያሰጣውን ቡና ለማንሣት አሯሯጠው። አሁን አባርቷል።

«አንሸራቶት ነው» አለ ሳጅን ቲቶ። «ሰገነቱ ርሷል። ነገ ባለሀብቶች ፊት የሚያቀርበውን ገለጻ እየተንጎራደደ ሲለማመድ ነበር። ዝናቡ እየዘነበ ድምፁን ሰምተውታል። ዝናቡ ሲያባራ እሱም ዝም አለ። ከዚያ የቤቱ ባለቤት ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ አየችው።»

ውድነሽ ወደ ሬሳው ቀረብ አለች። ሟቹ የአገሯ ልጅ ነበር፤ ሁለቱም እዚያው አቅራቢያ ያለችው የሸዋ ቤንች ልጆች ናቸው። ቡና ማድረቂያ ማሽን ይዞ ከአዲስ አበባ ሰዎች ጋር እንደሚነጋገር ወሬውን ሰምታ ደስ ብሏት ነበር።

«ቀስ ብላችሁ አንሡት» አለች።

ሲያነሡት ጎንበስ ብላ አየች። ከሸሚዙ ጀርባ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ደረቱ ላይ ግን ከደሙ በቀር እርጥበት የለም። መዳፏን እሱ ተኝቶበት በነበረው አፈር ላይ አሳረፈች። አንሥታ ስታየው የያዘው ደረቅ አቧራ ነበር።

«ይኼን ፎቶ አንሣው፣ ቲቶ። ጭቃው ሳይደርስበት።»

ከዚያ ወደ ላይ ወጣች። የአልአዛር ክፍል አልተቆለፈም። ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፕ፣ የዝንጅብል ሻይ የያዘ ፔርሙስና ሰማያዊ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል አዲስ ስፒከር አሉ። ስፒከሩን ትንሽ አየችውና በመሐረብ ይዛ አጠፋችው።

ምግብ ቤቱ ከዚያ ክፍል ሥር ነው። መጀመሪያ ያነጋገረችው የቤቱን ባለቤት ነው፤ እማማ በየነችን።

«ምን ሰሙ፣ እማማ?»

«ንግግሩን ነዋ! እኔ፣ ያ ከአዲስ አበባ የመጣው አሠልጣኝ ቴዲና የአልአዛር ጓደኛ ሲሞን እዚሁ ተቀምጠን። ቆርቆሮው እየተደበደበ እንኳ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። ‹ደመና ሲያዩ የሚሮጡ እናቶች ልጅ ነኝ› ሲል እንባዬ መጣ። ነፍሱን ይማረው፣ እንደ ሰባኪ ነበር።»

«ሌላ ድምፅስ?»

«መሃል ላይ ብረት የሚቆርጡ ሰዎች ረበሹኝ። ጎረቤት ይሆናሉ።»

«መብራት ነበር እንዴ?»

«የት አለና! ደመናው ሲጠቁር የሄደ ገና አልመጣም።»

ይህን ከተናገሩ በኋላ እማማ ራሳቸው ግራ እንደተጋቡ ሁሉ ወደ ጠፋው አምፖል ቀና አሉ። ውድነሽ አመስግና ተነሣች።

ቴዲ ወጣቶችን ገለጻ የሚያሠለጥን የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነው። 

«ትናንት ማታ ነው መጀመሪያ የተያየነው። የጻፈውን ግን ቀደም ብሎ ልኮልኝ ነበር። ፒች የምንለው የሽያጭ ገለጻ ማለት የመጀመሪያው ደቂቃ ነው፤ ሰሚው በዚያ ደቂቃ ካልተያዘ አይያዝም። የእሱ መክፈቻ ግሩም ነበር፤ እናቶቹ፣ ደመናው። ስመጣ ግን ሐሳቡን ለውጦ ጠበቀኝ። በሞተች ሴት እጀምራለሁ አለኝ።»

«የትኛዋ ሴት?»

«አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ‹ማሽንህን ልትሸጥ ነው ራስህን ልትከስ? በሬሳ ተከፍቶ የሚሸጥ ነገር የለም› አልኩት።» አንገቱን ደፋ። «ድምፁም ተዘግቶ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሲለማመድ ጎሮሮውን ጨርሶት በሹክሹክታ ነው ያወራነው። ዛሬ ጥርት ብሎ ስሰማው ዝንጅብሉ ሠራለት ብዬ ተደሰትኩ። በእናቶቹ ሲጀምር ደግሞ ምክሬን የተቀበለኝ መሰለኝ።»

ሜሮን፣ የአልአዛር ሸሪክ፣ ልብሷ እንደረጠበ ጥግ ተቀምጣለች። ማተሚያ ቤት ስትሄድ ዝናብ ያዘኝ አለች፤ አብሯት የነበረ ሰው ግን የለም። ቲቶ ከበሩ ሆኖ እንድትጠረጠር ለውድነሽ በዓይኑ ይጠቁማታል።

«የሞተችውን ሴትዮ ታውቂያታለሽ?» አለች ውድነሽ።

ሜሮን መሬት መሬት አየች። «በጋዝ የሚሠራው ማድረቂያ ገበሬ ቤት ሲሞከር ፈንድቶ የሞተች ናት። ለቤተ ሰቧ የምድጃ እሳት ነው ተብሎ ተነገራቸው። አልአዛር እንቅልፍ አጣ። ዛሬ ጠዋት በዚያ በተዘጋ ድምፁ ‹ነገ እውነቱን እናገራለሁ› አለኝ። ተወው አልኩት። እኔም አለሁበት፣ ኢንስፔክተር።»

«ስፒከሩ የማን ነው?»

«እኔ ነኝ ለነገ ብዬ የገዛሁት። ጠዋት ከሳጥኑ አውጥቼ ሻርጅ አድርጌ ክፍሉ ተውኩለት። ከማንም ስልክ ጋር ገና አላገናኘሁትም።»

የመጨረሻው ሲሞን ነበር፤ ማሽኑን የሠራው ባለሙያ፣ የሟቹ አብሮ አደግ። ከተማው ውስጥ የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ሊዘንብ ሲል ነው የመጣሁት። እንዳልረብሸው ብዬ ወደ ላይ አልወጣሁም። ከቴዲ ጋር ተቀመጥኩ። ሲጀምር እኔ ነኝ ‹ስሙት!› ያልኳቸው።»

«ስለ ሞተችው ሴት ምን ታውቃለህ?»

«አደጋ ነው» አለ ፈጥኖ። «በማንም ላይ ሊደርስ የሚችል አደጋ።»

ውድነሽ አራቱንም ወደ አልአዛር ክፍል ጠራቻቸው። ቲቶ በሩን ይዞ ቆመ። በተከፈተው የሰገነት በር የርጥብ አፈር ሽታ ይገባል።

«አልአዛር ከዝናቡ በፊት ነው የሞተው» አለች። «ከሥሩ ያለው አፈር ደረቅ ነበር፤ ደረቱም እንዲሁ። ርሶ አንሸራተተው የተባለው ሰገነት እሱ ሲወድቅ ደረቅ ነበር ማለት ነው።»

«እንዴት ይሆናል?» አሉ እማማ በየነች። «በጆሮዬ ሰማሁት እኮ!»

«ድምፁን ሰምተዋል፤ እሱን ግን አልሰሙትም። ጎሮሮው ትናንትም ዛሬም ተዘግቷል፤ የሰማችሁት ድምፅ ጥርት ያለ ነው። መክፈቻውን ለውጧል፤ የሰማችሁት የድሮውን ነው። መብራት ጠፍቶ ሳለ ብረት ሲቆረጥ ሰሙ። ያ ሁሉ ቀደም ብሎ የተቀዳ ነው፤ ብረት በሚቆረጥበት ቦታ፣ ድምፁ ሳይዘጋ።»



«የሞተ ሰው በሕይወት አለ ማሰኘት የሚጠቅመው ለማን ነው? ሜሮን ብቻዋን ነበረች፤ ድምፁ ተሰማ አልተሰማ እሷን ከጥርጣሬ አያወጣትም። የሚጠቅመው እዚህ ሥር ከሰው ጋር ተቀምጦ ለነበረ ሰው ነው። እማማ ሴትዮዋንም ማሽኑንም አያውቁም። ቴዲ ከአልአዛር ጋር ሲገናኝ ድምፁ ተዘግቶ ነበር፤ ጥርት ያለውን ከየት ያመጣል? የቀረ አንድ ሰው አለ፤ አልአዛር ወርክሾፑ ሆኖ ሲለማመድ በስልኩ ሊቀዳው የሚችል። ስሙት ያላቸውም እሱ ነው።»

«ይኼ ግምት ነው!» አለ ሲሞን።

«ይሁን። ሁላችሁም ስልካችሁን ብሉቱዙን ከፍታችሁ ጠረጴዛው ላይ አኑሩ። ስፒከሩ አዲስ ነው። ሲበራ የሚፈልገው መጨረሻ ላይ የተገናኘውን ስልክ ነው።»

ሲሞን ስልኩን ያኖረው ከሁሉም በኋላ ነው። ውድነሽ ስፒከሩን አበራችው። ሰማያዊው መብራት ትንሽ ተርገበገበና ጸና፤ አጭር የደወል ድምፅም ተሰማ። ማንም መጠየቅ አላስፈለገውም፤ የሲሞን ስልክ ጠረጴዛው ላይ «ተገናኝቷል» ብሎ በርቶ ነበር።

ሲሞን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

«አዲሱን መክፈቻ አንብብልኝ አልኩት» አለ። «ሰገነቱ ላይ ቆሞ አነበበልኝ። ስሜ አለበት። ‹ማሽኑን የሠራው ሲሞን ቧንቧው እንደሚያፈስ ያውቅ ነበር፤ እኔም አውቅ ነበር› ይላል። እስር ቤት ልታስገባኝ ነው ወይ ስለው ‹አብረን እንገባለን› አለኝ። ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም።»

«ሲወድቅ ወደ ታች አየህ?»

«አየሁ።» ሲሞን ወደ ሰገነቱ ዞረ። «ጣቶቹ ይንቀሳቀሱ ነበር።»

እማማ በየነች አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ቆይ፣ በሕይወት ነበር?» አለች ሜሮን።

«ታዲያ ለምን አልጮህክም?» አለች ውድነሽ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የጠየቀችው። «ሆስፒታሉ እዚሁ ነው። ባጃጅ በር ላይ ነበር።»

ሲሞን ቀና ብሎ አያት።

«ከዳነ ይናገራላ።»

በማግስቱ ጠዋት ገለጻው የሚቀርብበት አዳራሽ በሰው ተሞልቶ ነበር። የአልአዛር ተራ ሲደርስ ሜሮን ጥቁር ለብሳ ወጣች። ስላይድ አላስከፈተችም። ቴዲ ኋላ ተቀምጦ፣ እሷ በሞተችው ሴት ስትጀምር ዓይኑን ጨፈነ። ስለ ቧንቧው ተናገረች፤ ስለ ምድጃው ውሸትም። እኔም ዝም ብያለሁ አለች። ስትጨርስ ማንም አላጨበጨበም። ከባለሀብቶቹ አንዱ፣ ሽበታም ሰው፣ ማይክሮፎኑን ሳብ አደረገ።

«የሴትዮዋ ስም ማን ነው?»

ሜሮን አፏን ከፈተች። ስሟን አታውቅም። ያን ሁሉ ወር ከአልአዛር ጋር ሲሟገቱ ሁሌ «ሴትዮዋ» ነበር የሚሏት። ሰው ሁሉ እያያት ቀላች።

«ሎሚ» አለ ከኋላ በር አንድ ድምፅ። ውድነሽ ናት፤ ጫማዋ የመንደር ጭቃ ይዟል። «ስሟ ሎሚ ነው። ባሏ ቃሉን ሊሰጥ መጥቶ ውጭ መኪና ውስጥ ተቀምጧል።»

ሜሮን ማይክሮፎኑን አስቀምጣ ከመድረኩ ወረደች። በወንበሮቹ መካከል አልፋ፣ ማንንም ሳታይ፣ ወደ ሎሚ ባል ወጣች።