ስም ያልተጻፈበት መስመር

ስብሐት የሞተው በጠራራ ፀሐይ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ፣ ከጳውሎስ ሆስፒታል ዝቅ ብሎ ባለ ትንሽ ክሊኒክ፣ ሁለተኛው አልጋ ላይ። የልብ ምቱን የሚከታተለው ማሽን እንደበራ ነበር። ምቱ ሲቆም ግን አልጮኸም።

ነርሷ ሳሌም ያን ጊዜ ከመጋረጃው ወዲያ የሌላ በሽተኛ ቁስል ታጥብ ነበር። የሟቹ ሚስት ሐመልማል «ድምፁን ዘግታበት ነው» ብላ ከሰሰቻት። ኢንስፔክተር ቱሉ ሲደርስ ሁለት ፖሊሶች ሳሌምን ክንዷን ይዘው በር ላይ ቆመዋል።

«ዘግተሻል?»

«ኧረ በማርያም! እ... ማለቴ፣ ሲጮህ ነው የምሮጠው። በጆሮዬ ነው የምሠራው።»

ቱሉ ጎንበስ ብሎ የድምፁን ቁልፍ አየ። እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። አቧራ ለብሷል፤ ጣት አልነካውም። ወደ አንደኛው አልጋ ሄዶ ከተኛው ሽማግሌ ጣት ላይ የልብ ምት የሚለካውን መቆንጠጫ ነቀለ። ያኛው ማሽን ጮኸ።

«ቀስ በል አንተ! እኔ ገና አልሞትኩም» አሉ ሽማግሌው።

«ይኼኛው ለምን ጮኸ?»

«እንጃ። ሰኞ ዕለት የሌሎቹ ፕሮግራም ሲታደስ እሱ ከመብራት ተነቅሎ ነበር» አለች ሳሌም። «የሚያድሱት ዊንጌት ሰፈር ያሉት ናቸው። ጋሽ ስብሐት የሚሠሩበት ቢሮ።»

ቢሮው አንድ ክፍል ነው። ኃላፊው ኖህና ሠራተኛዋ ኢፍቱ ለክሊኒኮች ኮምፒውተርና ማሽን የሚሆኑ ፕሮግራሞችን፣ ፓኬጅ የሚሏቸውን፣ መርጠው በአንድ ስብስብ ያስቀምጣሉ። ማሽኖቹ ሰኞ ሰኞ ከስብስቡ ጋር ይስተካከላሉ። በስብስቡ ያለው ይጫናል፤ የሌለው ይነሳል።

«ከስብሐት ጋር ተጣልተህ ነበር አሉ» አለው ቱሉ ኖህን።

«አዎ» አለ ኖህ። «ታሞ ሥራ ይመጣ ነበር። ሂድ ቤትህ ተኛ ብዬ ጮኽኩበት።»

ቱሉ የስብስቡን ዝርዝር አስከፈተ። በየፓኬጁ አጠገብ የአንድ ሰው ስም በኃላፊነት ተጽፏል። አንድ የተሰረዘ መስመር ላይ ብቻ የለም። የደወሉ ፓኬጅ ነው። ኢፍቱ አንገቷን ደፋች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም ክሊኒኩ ውስጥ በባዶው ሁለተኛ አልጋ ዙሪያ ሰበሰባቸው።

«ሳሌም ድምፁን አልነካችም፤ አቧራው ይመሰክራል። ማሽኑም ደህና ነው። የጠፋው ደወሉን የሚያስጮኸው ፓኬጅ ነው። አንደኛው አልጋ ሰኞ ስላልታደሰ አሮጌው ተረፈለት። ኢፍቱ፣ ደንባችሁን ንገሪያቸው።»

«ኃላፊ የሌለው ፓኬጅ ሁለት ሳምንት ይጠበቃል። ካላገኘ በራሱ ከስብስቡ ይወጣል። ደንቡን ያወጡት ራሳቸው ጋሽ ስብሐት ናቸው። ደወሉንም የሠሩት እሳቸው ናቸው።»

«ስሙን ማን አነሳው?»

«እኔ። ችግር ሲኖር የሚደወለው ስሙ ላለበት ሰው ነው። ታመው እንኳ ደዋዮቹ ፋታ አልሰጧቸውም። እትዬ ሐመልማል፣ ‹እባክሽ ልጄ፣ ከስልኩ ገላግዪው› አላሉኝም?»

ሐመልማል በነጠላዋ አፏን ያዘች።

«የራስሽን ለምን አልጻፍሽም?»

«ሰውዬው በሕይወት እያሉ ቦታቸውን ልያዝ? ሟርት አይሆንብኝም?»

«‹ኃላፊ የለውም› የሚለውን ማስጠንቀቂያ ሁለት ሳምንት ሙሉ እያየን ነበር» አለ ኖህ። «ዛሬ ነገ ይመለሳል ብለን ክፍት ተውነው።»

«ታዲያ ማን ገደለው?» አለች ሐመልማል።

ቱሉ ብዕሩን ኪሱ ከተተ። ፖሊሶቹ የሳሌምን ክንድ ለቀቁ።

ኢፍቱ ላፕቶፗን ከፈተች። ባዶው መስመር ላይ ስሟን ጻፈች፤ ፓኬጁን ወደ ስብስቡ መልሳ ሰኞን ሳትጠብቅ ማሽኖቹን አደሰች። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛው ማሽን ባዶ አልጋው ላይ መጮህ ጀመረ። ሳሌም በልማድ ሮጠች። ደርሳ ቆመች።