ከሰባተኛው ሰው ኋላ

መብራቱን አጥፉት። ለዚህ ወሬ ብርሃን አያስፈልግም።

ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር። ጨለማ ነበር። እኩለ ቀን ጨለማ ሲሆን አይታችሁ ታውቃላችሁ? በዚያ በአውሮፓ ሰሜን ጫፍ በብርዱ ወራት ፀሐይ አትወጣም። መንገዱ አንድ ነው፤ አንድ በቅሎ ብቻ ያሳልፋል። ግራው በረዶ፣ ቀኙ በረዶ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ ሃያ ዓመቴ ነበር። የተራራ ልጆች ናችሁ ብለው የጀርመን የተራራ ጦር ውስጥ አስገቡን፤ ከዚያ ዛፍ እንኳ ወደሌለበት አገር ላኩን። ሦስት ዓመት ተዋጋን። ተሸነፍን። ከዚያ ሽሽት ሆነ።

ትእዛዙ አጭር ነበር። የሚከተለን ጠላት መጠለያ እንዳያገኝ፣ ያረፍንበትን ቤት አቃጥለን እንሂድ። የማን ቤት? አልጠየቅንም።

ስምንት ነበርን፤ ከጦሩ ሁሉ መጨረሻ። ሰው እንዳይጠፋ እየሄድን እንቆጥራለን። ከፊት ሃምሳ አለቃው «አንድ» ይላል። ቀጣዩ «ሁለት»። ቁጥሩ ካለቀ «ሙሉ ነው» የሚለው ቃል ከኋላ ተነስቶ ከአፍ ወደ አፍ ወደ ፊት ይሄዳል። ስድስተኛው እኔ። ሰባተኛው ኮርቢኒያን። ስምንተኛው ፋይት። ሁለቱ የአንድ መንደር ልጆች ናቸው።

አንዲት ጎጆ አገኘን። ገባን፤ እሳት ሞቅን። ፋይት የለም።

«ፋይት የት ቀረ?» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ሞቷል፣ ጌታዬ። ሲወድቅ አይቻለሁ» አለ ኮርቢኒያን።

ማንም ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። ወደዚያ ብርድ ተመልሶ መፈለግ ቀረልን። ደስ አለን። እውነቱን ነው የምነግራችሁ።

ጎጆዋን አቃጥለን ወጣን። እሳቱ ከሩቅ ይታያል። ከኋላችን ሰው ቢኖር ለእሱ የተለኮሰ ይመስለው ነበር።

ጥቂት ሄደን ቆጠርን። አምስት። «ስድስት» አልኩ። «ሰባት» አለ ኮርቢኒያን። ከዚያ ከሩቅ፣ በጣም ከሩቅ፣ «ስምንት»።

ሰማችሁ? እኛም ሰማን።

«ነፋስ ነው» አለ ኮርቢኒያን።

ሄድን። ደግመን ቆጠርን። ስድስት። ሰባት። «ስምንት»። አሁን ቀርቧል። ሃምሳ አለቃው ፋኖስ ይዞ ወደ ኋላ ሄደ። ከኮርቢኒያን ኋላ በረዶው ላይ ያለው እኛ የረገጥነው ዱካ ብቻ ነው። ሰው የለም። ፊቱ ተለውጦ ተመለሰ። «ቀጥሉ» አለ።

ኮርቢኒያን ቀበቶዬን ያዘ።

«ሎይስ፣ ቦታ እንቀያየር።»

«ለእናትህ ሰባተኛ ልጅ አይደለህ? ልማድህ ነው፤ እዚያው ሁን።»

አልሳቀም። «አልሞተም ነበር» አለኝ። «እግሩ በብርድ ደርቆ መንገዱ ላይ ተቀምጦ ነበር። ‹ጎጆ ስታገኙ እዚያ ጠብቁኝ፣ እደርሳለሁ› አለኝ። በሕይወት አለ ብል ተመልሰህ አምጣው እንዳይሉኝ ፈራሁ።»

«ለሃምሳ አለቃው ንገረው።»

«ምን ብዬ? ጎጆዋ ተቃጥላለች። ቢደርስ የት ይገባል?»

እጁን ከቀበቶዬ አላቀቅኩና ሄድኩ።

ብዙ ሄድን። ከኋላዬ የአንድ ሰው እርምጃ ይሰማል። ከዚያ የሁለት። ከዚያ እንደገና የአንድ። ዘወር አልኩ? አላልኩም። እናንተስ ትሉ ነበር?

ሃምሳ አለቃው መቁጠር ጀመረ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። አምስት።

«ስድስት» አልኩ።

ዝም።

«ኮርቢኒያን» አልኩ በቀስታ። ነፋሱም ቆሞ ነበር። ቆየሁ። ከዚያ እዚህ፣ ከማጅራቴ ላይ፣ ትንፋሽ በሌለው አፍ፦

«ስምንት።»

ከፊት «ሙሉ ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ መጣ። ኮርቢኒያን ከኋላ አንድ ቦታ ነበር፤ ምናልባት ወድቆ፣ ምናልባት እየጠራኝ። የለም ብል ፋኖሱን ሰጥተው የሚልኩት እኔን ነው።

«ሙሉ ነው» ብዬ ወደ ፊት አስተላለፍኩ።

መርከብ የሚጠብቀን ወደብ ስንደርስ ስድስት ነበርን። በበጋ በረዶው ሲቀልጥ ሰው ተልኮ መንገዱ ተፈተሸ ይባላል። ማን እንደተገኘ አልጠየቅኩም።

እንግዲህ መሽቷል፤ ወደየቤታችሁ ትሄዳላችሁ። ለብቻችሁ አትሂዱ። ተያይዛችሁ ሂዱ፤ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ በሰልፍ ነው የምትሄዱት። ከሁሉም ኋላ የሚሆነው ማን እንደሆነ አሁኑኑ፣ እዚሁ ተነጋገሩ። እኔ አልመርጥላችሁም።