የተዘለለው ወደብ

አዛውንቱ ሱጉሌ በቀኝ ጎናቸው ተኝተዋል። ዓይናቸው ተከድኗል፤ ፊታቸውም ግድግዳው ላይ ወደተሳለው አረንጓዴ ቀስት ዞሯል። ከቀስቱ ሥር «ቂብላ» የሚል ተጽፏል። ላየው ሁሉ መልካም ሞት ነው፤ ሰባ ሁለት ዓመት የኖረ ሰው ከምሳ በኋላ ጋደም ብሎ፣ ወደ መካ ዞሮ፣ በዚያው አሸለበ። የአውበሬ ሽማግሌዎችም ይህንኑ ብለው ከፈኑን አዘጋጅተው ነበር።

እምቢ ያሉት ወይዘሮ ሆዶ ብቻ ናቸው። ከትናንት አመሻሽ ጀምሮ የእንግዳ ማረፊያው ክፍል ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ማንንም አላስገባም ብለዋል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከጅግጅጋ የመጣችው መርማሪ ኢንስፔክተር ዐኒሳ ዒጋል እዚያው አገኘቻቸው።

«ኤዶ፣ ለምን ተጠራጠሩ?» አለች፣ እንደ አክስት ጠርታቸው፣ ጎንበስ ብላ።

«ዛሬ ሊወስዱኝ ቃል ገብተውልኛል። ቃላቸውን ሳይፈጽሙ የሚሞቱ ሰው አይደሉም።»

ይህ ለፖሊስ መዝገብ የሚበቃ ምክንያት አይደለም። ዐኒሳ ግን ደካማ ምክንያት ይዘው በጠንካራ ልብ የሚቀመጡ ሰዎችን ታከብራለች። ጫማዋን አውልቃ ገባች።

የሟቹ ጢም የተቀባው ሂና ሳይታጠብ ደርቋል። የዓይናቸውን ቆብ ገለጥ አድርጋ ስታይ ነጩ ላይ ደቃቅ የደም ነጥቦች አሉ። ትራሱን ከጭንቅላታቸው ሥር ስባ ገለበጠችው፤ ከሥሩ፣ መሀል ለመሀል፣ የጢምና የአፍ ቅርጽ ያለው ብርቱካንማ እድፍ ታትሟል። ጥግ ላይ የሶላት ምንጣፋቸው ተዘርግቷል። ምንጣፉን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ቀጥላ ቀስቱን፣ እንደገና ምንጣፉን።

ስትወጣ ሽማግሌዎቹ ከበቧት።

«ልጄ፣ ሬሳ አይቆይም» አሉ አንዱ።

«እስከ ቀትር ይስጡኝ፣ አዴር፣ አጎቴ። እኚህ ሰው ታፍነው ነው የሞቱት።»

በእንግዳ ማረፊያው ያሉት አምስት ሰዎች ናቸው፤ አምስቱም የመጡት በራሺድ «መርከብ» ነው። ሱጉሌ ግን የአውበሬ ሰው ናቸው፤ መንገድ ሊመሩ ተቀላቅለዋቸው አብረው ማረፊያው ገብተው ነበር። ራሺድ በወጣትነቱ ከበርበራ በሚነሳ የጭነት መርከብ ላይ ወጥ ሠሪ ነበር። ባሕሩን ተወ እንጂ ቋንቋውን አልተወም። የኮስተሩ ጎን ላይ «ሰፊና» ብሎ አጽፏል፤ መርከብ ማለቱ ነው። ሽርሽር የሚሄዱትን ከጅግጅጋ እየጫነ ያዞራል፤ የሚያርፍበትን ከተማም ሁሉ «ወደብ» ይለዋል። የዚህ ጉዞ ወደቦች ሦስት ነበሩ፤ ለዚያራ አውበሬ፣ የድሮውን የስደተኞች ሰፈር ለማየት ሐርተሼክ፣ ለፍል ውሃው ደግሞ ኤረር።

«ወረቀቴ ላይ ተጽፏል» አለ ራሺድ ወረቀቱን እየዘረጋላት። «ይኸው አንብቢው። "ዝናብ ቢጥል፣ መንገድ ቢበላሽ ወደብ ሊዘለል ይችላል። ልብዎን ለአንድ ወደብ ብቻ አይስጡ።" ሁሉም ፈርመዋል።»

«ሐርተሼክን ለምን ዘለልከው?»

«ትናንት ጠዋት ጎርፍ መንገዱን ቆርጦታል ተባለ። ሚያዝያ አይደል? ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይ እንኳ አልወጣችም። እዚሁ እንዋልና ነገ ወደ ኤረር እንቀጥል አልኩ። ወላሂ ኢንስፔክተር፣ ሰው ገደሉበት ከተባለ ማን ይሳፈርልኛል?»

«ጎርፉን ማን ነገረህ?»

«ሐጂ ዋርፋ። እዚያ ሰው አላቸው፤ ደውሎላቸው ነው።»

«ሱጉሌስ ምን አሉ?»

«ምሳ ላይ ሳቁ። "ሐርተሼክ ውሃ በቦቴ የሚጠጣ አገር ነው፣ ጎርፉን ማን ሰጠው?" አሉና "ነገ በኪራይ መኪና እኔው ራሴ እወስዳታለሁ" አሏቸው ለሆዶ። ሁላችንም ሰምተናል።»

ከምሳ በኋላ ራሺድ፣ ሐጂ ዋርፋና ሾፌሩ ደበሌ ለበርጫ ተቀመጡ። ሦስቱም በየተራ እየወጡ ገብተዋል፤ አንዱ ለውሃ፣ አንዱ ለስልክ፣ አንዱ ለሽንት። በጫት ሰዓት ማን የማንን መውጣት ይቆጥራል? ሴቶቹም በየክፍላቸው ነበሩ።

ሾፌሩ ደበሌ ወሬ ያበዛል፤ ዐኒሳ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። «መጀመሪያው ቀን መግሪብን የት ሰገዳችሁ?»

«በረንዳው ላይ። ሱጉሌ አሰገዱን፤ እኔና ራሺድ ከኋላ፣ ወይዘሮ ሆዶ ከኛ ኋላ። ሐጂ ስልክ ይዘው መንገድ ወጥተው ነበር፤ እራታቸውንም ክፍላቸው ነው የበሉት።»

ወይዘሮ ንጋቷ ጅግጅጋ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ካላቸው ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። የመጡት ለጉልበታቸው ኤረር ሊታጠቡ ነው።

«እኔስ ወደብ ቢዘለል ምን ገዶኝ!» አሉ። «አንዱ ቢቀር ሌላው አለ። ይቺ ሆዶ ናት አንጀቴን የበላችኝ። ልጇን ሐርተሼክ ቀብራ ሠላሳ ሦስት ዓመት! ሁለት ጊዜ ሄዳ መቃብሩን አጥታዋለች፤ ድንጋይና አቧራ ብቻ። የዚያን ሰፈር መቃብር ይቆፍሩ የነበሩት ሱጉሌ በሕይወት አሉ ስትባል ነው ከድሬዳዋ የመጣችው።»

«ትናንት ከሱጉሌ ጋር ተጣልተው ነበር ይባላል።»

«ጠብ አይደለም፤ ልመና ነው። "ባይሆን በቃል ንገሩኝ" ብላ ጮኸችባቸው። "በቃል አይነገርም፤ የሚያውቀው እግሬ ነው" አሏት።» ንጋቷ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እንደዚያ የሚያስቁ ሰው! በመጀመሪያው ማታ እንኳ ሶላት ሊያስጀምሩ ሲሉ "ምንጣፉን አዙሩ፣ ምንጣፉን!" ብለው ሁሉንም አሳቋቸው።»

«ያኔ እርስዎ የት ነበሩ?»

«በረንዳው ጫፍ ላይ፣ ጉልበቴን እያሸሁ።»

ሐጂ ዋርፋ ክፍላቸው ውስጥ ተረጋግተው ተቀምጠዋል። ረጅም፣ ንጹሕ፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ ሰው ናቸው። ጅግጅጋ የብሎኬት ፋብሪካ አላቸው። ለዚህ ጉዞ የተመዘገቡት መኪናው ሊነሳ አንድ ቀን ሲቀረው ነው።

«ወገቤን ያመኛል፤ ለኤረር ብዬ ነው» አሉ። «ሱጉሌን አላህ ይማራቸው። ደግ ሞት ሞቱ።»

«ሐርተሼክ ጉዳይ አለዎት?»

«ወዳጅ አለኝ፤ ሌላ ምንም።» ሰዓት ለማየት ግራ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። አንጓው ላይ ሰዓት የለም፤ ፀሐይ ያልነካው ነጣ ያለ መስመር ብቻ አለ። እጃቸውን ቀስ ብለው መለሱት።

ዐኒሳ ተነሣች። «ሐጂ፣ ሱብሒ መንገድ ላይ አለፈኝ። ልስገድ፤ ቂብላው ወዴት ነው?»

ሐጂ ፈገግ ብለው ግድግዳቸው ላይ ወዳለው ቀስት ጠቆሙ። «ተስሎልሽ የለም እንዴ? እኔም በሱ ነው የምሰግደው።»

«አላህ ይስጥልኝ» ብላ ወጣች። ከዚያ ሐርተሼክ ፖሊስ ጣቢያ ደውላ ሁለት ጥያቄ ጠየቀች፤ ከአንድ የአውበሬ ፖሊስ ጋርም በሹክሹክታ ተነጋገረች።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አምስቱም በረንዳው ላይ ተሰበሰቡ። ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ ቆመዋል። ወይዘሮ ሆዶ ብቻ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ከዐኒሳ አፍ አልተነቀለም።

«ከሂናው ልጀምር» አለች ዐኒሳ። «ሱጉሌ ጢማቸውን ሂና የተቀቡት ከምሳ በኋላ ነው። ለምን እንደተቀቡ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ዛሬ ትልቅ መንገድ ነበረባቸው። እርጥብ ሂና የተቀባ ሰው እስኪይዝለት በጀርባው ነው የሚጋደመው። እኛ ግን በጎናቸው ተኝተው አገኘናቸው፤ ሂናውም ያለው በትራሱ ሥር ነው። ትራሱ መጀመሪያ ፊታቸው ላይ ነበር፤ ከጭንቅላታቸው ሥር የገባው በኋላ ነው።»

ራሺድ ተንሰቅስቆ ፊቱን ሸፈነ።

«ገዳዩ ግን ትቷቸው አልወጣም። ዓይናቸውን ከደነ፤ በቀኝ ጎናቸው ወደ ቂብላ አዞራቸው። ይህን የሚያደርግ ሙስሊም ነው። ስለዚህ ወይዘሮ ንጋቷን ተውኩ።»

«ተመስገን» አሉ ንጋቷ በለሆሳስ።

«አሁን ወደ ቀስቱ እንምጣ። ይህ ቤት ከተከፈተ ወር አልሞላውም። ቀለሙን የቀባው ሰው ክርስቲያን ነው፤ "የጸሎት አቅጣጫ አመልክት" ሲሉት እሱ ወደሚያውቀው፣ ወደ ምሥራቅ አመለከተ። ቤተ ክርስቲያን ወደ ምሥራቅ አይደል የሚዞረው? ከአውበሬ መካ ያለችው ግን በሰሜን ነው፤ በዚያ የውሃ ታንከር በኩል።» በእጇ ወደ ታንከሩ አሳየች። «የሱጉሌም ምንጣፍ የተዘረጋው ወደ ታንከሩ ነው። ቀስቱ ውሸታም መሆኑን ያወቁ ሰው እንዴት ወደ ቀስቱ ዞረው ይሞታሉ?»

ደበሌ ጭኑን በጥፊ መታ። «በመጀመሪያው ቀን ነግረውናል! "ቀስቱ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቶጎ ውጫሌ ይወስዳችኋል፣ ምንጣፉን አዙሩ" ብለው አስቀውናል!»

«አዎ። በዚያ ሶላት ላይ የነበሩ ሁሉ ያውቃሉ፤ አንተ፣ ራሺድና ወይዘሮ ሆዶ። ከእናንተ አንዱ ቢገድላቸው ኖሮ ወደ ታንከሩ ባዞራቸው ነበር። ያልነበረ አንድ ሙስሊም ብቻ ነው። ደመናው ፀሐይዋን ስለጋረደ ምሥራቁን ከሰሜን አልለየም፤ ቀስቱን አመነ። ቅድም ቂብላውን ስጠይቀውም ያንኑ ቀስት አሳየኝ።»

ሁሉም ወደ ሐጂ ዋርፋ ዞሩ። ካዕባን በዓይናቸው ያዩ ሰው፣ መካን ከውጫሌ አልለዩም።

«ቀስት አምኜ ስለሰገድኩ ነፍሰ ገዳይ ነኝ?» አሉ። ድምፃቸው አሁንም ለስላሳ ነው።

«እሱ ብቻ ቢሆን ይቅርታ እጠይቅዎት ነበር። ሐርተሼክ ደውያለሁ። ጎርፍ የሚባል የለም፤ መንገዱ ደኅና ነው። የድሮው ሰፈር መቃብርም ከአምና ጀምሮ ታጥሯል፤ የእርስዎ ሎደር ጠጠር ያወጣበታል። ሱጉሌ ወይዘሮ ሆዶን ይዘው ቢደርሱ የሚቆሙት አጥርዎ ሥር ነበር። የሙታን ልጆች በየከተማው አሉ፤ ሐጂ አጥንት ፈጭቶ ብሎኬት ይሸጣል ከተባለ የሚሆነውን ያውቁታል። መጀመሪያ ወደቡን አዘለሉ። ሱጉሌ አልዘለልም ሲሉ ደግሞ ትራሱን አነሡ።»

ፖሊሱ ከሐጂ ክፍል ወጣ። በእጁ ካልሲ ውስጥ ተጠቅልሎ የነበረ የቆዳ ማሰሪያ ያለው ሰዓት ይዟል። የማሰሪያው ውስጠኛ ክፍል ብርቱካንማ ነው።

«ሂና ከእጅ በሳሙና ይነሣል፣ ቶሎ ከታጠቡት» አለች ዐኒሳ። «ከቆዳ አይለቅም።»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ዋርፋ ወንበሩ ላይ አነሰ።

«አጥንት መኖሩን መጀመሪያ አላወቅኩም» አለ። «ካወቅኩ በኋላ ደግሞ... ማቆም አልቻልኩም። ለምኛቸው ነበር። ሌላ ቦታ ያሳዩአት፣ ምን ታውቃለች፣ አልኳቸው። በሐሰት መቃብር ላይ እናት አላስለቅስም አሉኝ።»

«ገድለህ ስታበቃ ለምን አዞርካቸው?»

ዋርፋ ጥያቄው የገረመው ይመስል ቀና ብሎ አያት። «ሙስሊም ነኝ» አለ።

ያኔ ወይዘሮ ሆዶ ተነሡ። ፊቱ ቆመው፣ ሳይጮኹ፣ ጠየቁት።

«ሎደሩ ሲቆፍር ትንሽ መቃብር አይተሃል? እዚህ ድረስ የምታክል።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «ሀምዲ ነው ስሟ። ሁለት ዓመቷ ነበር።»

ፖሊሱ ዋርፋን ሲወስደው ሆዶ መልሱ ይመጣል ብለው በዓይናቸው ተከተሉት።

የእውነትን መገኘት ሰው ሁሉ እንደ ድል ያወራለታል። ዐኒሳ ግን በሥራዋ ላይ እንደዚያ ቀን አፍራ አታውቅም፤ ገዳዩን አገኘች፣ መቃብሩን የሚያውቀውን እግር ግን ማንም አይመልሰውም።

ሆዶ ግን ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ሱጉሌ ዘመድ አላቸው?»

«ከኛ በቀር የላቸውም» አሉ አንዱ።

«እንግዲያውስ ስጡኝ። ሐርተሼክ ይቀበሩ። ሠላሳ ሦስት ዓመት የልጄን ቦታ በእግራቸው ጠብቀውልኛል፤ አሁንም ይጠብቋት።»

ሽማግሌዎቹ ተያይተው እሺ አሉ። ራሺድ ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ ወደ ደበሌ ዞረ። «ወንበሮቹን ፍታ» አለው። «መርከቧ ሐርተሼክ ትሄዳለች።»

አጥበው፣ ከፍነው፣ ሰግደውባቸው ጫኗቸው። ንጋቷም ኤረርን ትተው ተሳፈሩ። በጅግጅጋ አልፈው ሐርተሼክ ሲደርሱ ዓሥር ሰዓት ሆኗል፤ በሦስት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፀሐይ ወጥታለች። የሐርተሼክ ሰዎች ከዋርፋ አጥር ውጭ፣ ሎደሩ ባልደረሰበት ቦታ፣ ጉድጓዱን ቆፍረው ጠብቀዋቸዋል። ሱጉሌን ወደ ትክክለኛው ቂብላ አዙረው አስገቧቸው። ዐኒሳም ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብላ ቆመች።

ወንዶቹ ሲጨርሱ ሆዶ ቀረቡ። ከሱጉሌ መቃብር ጎን አንዲት ትንሽ ድንጋይ አቆሙ፤ ከሥሯ ምንም እንደሌለ እያወቁ። ከዚያ እስከ አስፋልቱ ድረስ ርምጃቸውን እየቆጠሩ ሄዱ፤ ተመለሱ፤ እንደገና ሄዱ።

ንጋቷ አላስቻላቸውም። «ሆዶዬ፣ ምን እየሆንሽ ነው? ነይ እንጂ፣ መኪናው ሊነሳ ነው።»

«ቆዪኝ፣ እህቴ» አሉ ሆዶ። «እግሬ እስኪያውቀው ነው።»