በእርሳስ የተጻፈ

ስሜ አመለሸጋ ነው። አመሌን ግን የአምቦ ቤተ ሙከራችንን ባለሙያ ሂርጳን ጠይቁት።

በ2004 ዓ.ም. የመመረቂያ ጥናቴ በጥጃና በአሮጌ በሬ የጆሮ ልም አጥንት ላይ ነበር። ከቄራ አምጥቼ እኩል የቆራረጥኳቸውን ስምንት ናሙናዎች አልኮል በሚያስገቡ ባለ ቀዳዳ ትንንሽ የፕላስቲክ ሳጥኖች ከትቼ፣ ስማቸውን ከላይ ስጽፍ ሂርጳ ከጀርባዬ መጣ።

«እህቴ፣ በእስክሪብቶ አትጻፊ። አልኮል ውስጥ ይለቃል።»

«አንተ ሥራህን ሥራ!»

ቸኩዬ ነበር። እናቴ ለምርቃቴ የምትለብሰውን ቀሚስ ከወዲሁ አሰፍታለች። ሂርጳ አየት አደረገኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። ይባስ ብዬ ክዳኑን ገጥሞ አልኮል ውስጥ የመጨመሩን ሥራ ለሱው ትቼ ወደ ክፍል ሮጥኩ።

በሦስተኛው ቀን ናሙናዎቹን በቀለጠ ሰም ልቀብር ሳጥኖቹን ሳወጣ አንድም ፊደል የለም። የትኛው ጥጃ፣ የትኛው በሬ? ይህ ካልታወቀ ጥናት የለም፤ ምርቃትም የለም። ወንበሩ ላይ ዘጭ ብዬ አለቀስኩ።

«እስቲ አንዱን ክፈቺው» አለኝ ሂርጳ ቀስ ብሎ።

ከፈትኩት። ከልም አጥንቱ ጎን ጥፍር የምታክል ወረቀት ተቀምጣለች። በእርሳስ «በሬ 3» ይላል። ስምንቱም ውስጥ እንደዚያው ነበር።

«ያን ቀን ክዳኑን ሳልገጥም ካንቺ ጽሑፍ ገልብጬ ነው።»

«እንደዚያ ተናግሬህ?»

«የተናገርሽው እኔን ነው። ጥናቱ ምን አጠፋ?»

ቀና ብዬ አየሁት። እስከዚያን ቀን ዓይኑን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። ከኦሮምኛ የማውቃት አንዲት የምስጋና ቃል አፌ ላይ መጣች።

«ገለቶሚ።»

ሳቀ። ከዚያች ሳቅ ወዲህ ያ ፎርማሊን የሚሸት ክፍል ይናፍቀኝ ጀመር።

ተመረቅኩ። እናቴ ያንኑ ቀሚስ በዓመቱ ደግማ ለበሰችው፤ ማዘጋጃ ቤት የጋብቻ ፊርማችንን ልታይ። ሂርጳ እንደ ልማዱ ከደረት ኪሱ እርሳስ አወጣ።

«ወንድሜ፣ ትዳር በእርሳስ አይፈረምም!» አሉ ጸሐፊዋ።

እየሳቅኩ እስክሪብቶዬን አቀበልኩት። ፈረመ። ከዚያ በጠረጴዛው ሥር መዳፌ ውስጥ ጥፍር የምታክል ወረቀት አስጨበጠኝ። በእርሳስ «ገለቶሚ» ይላል።

«ለምኑ?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ቀለሙ ስለለቀቀ።»