የዶዘር ብርድ ልብስ

ዶዘር የሚሉት የጋራዡ በያጅ ትከሻው በር አያስገባውም፤ ሆዱ ግን ቡቡ ነው። የእናቱ ጣቶች በቁርጥማት ከተቆለመሙ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቷ ሄዶ ልብሷን በጆንያ ጠቅልሎ ያመጣል። ለጠየቀው ሁሉ ቁርጥራጭ ብረት ነው ይላል። ከዚያ ከጋራዡ አጠገብ የተከራያትን ክፍል ቀርቅሮ ያጥባል።

ማጠቡስ ባልከፋ፤ ማስጣቱ ነው ጣጣው። ወንድ ቀሚስ ሲያሰጣ ታይቶ እዚያ ሰፈር ማን ይተርፋል? ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ገመድ ወጥሮ ያሰጣል። ልብሱ አይደርቅ፣ እሱም አብሮ እርጥብ እርጥብ ይሸታል።

ሽታውን መጀመሪያ ያወቀችው ከጋራዡ ፊት ለፊት ያለችው ልብስ ሰፊ ናት። የቱታውን ክንድ ልትጥፍለት ጠጋ ብላ፣ «ዝናብ ላይ ነው እንዴ የምታድረው?» አለችው። ሳቀ። ሳቁ ደስ አላት። ከዚያ ወዲያ የዶዘር ቱታ መቀደድ አበዛ፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ ቀዳዳው ሁሉ በመቀስ የተቆረጠ። እሷም እያወቀች ዝም ብላ ትጥፋለች።

ወሬ ግን መቼ አርፎ ይቀመጣል። አከራይቱ በመስኮት አጮልቃ የተሰቀለ ቀሚስና ሻሽ አየች። ለምሳ ሳይወጡ ጋራዡ በሙሉ ሰማ፤ ዶዘር ሴት ደብቋል። ወንዶቹ ጀርባውን እየመቱ አደነቁት፤ ወንድ ማለት እንዲህ ነው አሉት አለቃው። እሱም፣ ሞኙ፣ ልብስ አጣቢ ከመባል ሴት አውል መባልን መረጠና ፈገግ ብሎ ዝም አለ።

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ ቱታውን አልተቀበለችውም።

«ቀሚሷ የተሰቀለው ትጣፍልህ» አለችው ቀና ሳትል።

አፉን ከፈተ። ጓደኞቹ በር ላይ ቆመው ይሰማሉ። አፉን መልሶ ዘጋና ሄደ።

ያን ሳምንት የበየደው ሁሉ ጠማማ ሆነ። እናቱ ፊቱን አይታ ብታፋጥጠው ነገራት። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

«በዚህ ዕድሜዬ ውሽማህ አደረግኸኝ?» አለችና ሳቋን ገታች። «አባትህ ሰው ሳያይ እግሬን ያጥበኝ ነበር። ሰው ፊት ግን ስሜን እንኳ አይጠራም። እሷንም እንዲህ ልታኖራት ነው?»

እሑድ ረፋዱ ላይ፣ ወንዱ ሁሉ ጋራዡ ደጃፍ ተኮልኩሎ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ዶዘር ሳፋውን ተሸክሞ ወጣ። መንገድ ዳር ገመድ ወጠረና ቀሚሱን፣ ሻሹን፣ የውስጥ ልብሱን ሳይቀር አሰጣ። አንዱ አፏጨ። አለቃው፣ የደበቅካት እጅ የላትም እንዴ አሉት።

«የደበቅኳት ሴት የለችም። የእናቴ ልብስ ነው፤ የማጥበውም እኔ ነኝ» አለ ጆሮው ቀልቶ።

ልብስ ሰፊዋ ከመስኮቷ ቀሚሱን በዓይኗ ለካችው። ወገቡ የሰፋ፣ ጉልበቱ ያለቀ፣ የአሮጊት ቀሚስ።

ሳፋው ውስጥ ብርድ ልብሱ ቀርቷል። ዶዘር ብቻውን ሊጨምቀው ቢታገል ውሃው እግሩ ላይ ይንዠቀዘቃል። ቀና ሲል ሌላኛውን ጫፍ እሷ ይዛዋለች።

«ጠበቅ አድርገህ ያዝ» አለችው።

እሱ በዚያ፣ እሷ በዚህ ሲያጠማዝዙ ብርድ ልብሱ እያጠረ፣ እነሱም እየተቀራረቡ መጡ፤ ግንባራቸው ሊነካካ ደረሰ።

«መቀሴን መቼ ነው የምትመልሰው?» አለችው ቀስ ብላ።

«ቤት ነው ያለው። ጠቅልለሽ ነይና ውሰጂው።»

ጠቅልላ ገባች። ዛሬ ዶዘር ሳሙናና ፀሐይ ይሸታል። አለቃውም ባለፈው እሑድ፣ ግራ ቀኙን እየተገላመጡ፣ ከሚስታቸው ጋር አንሶላ ሲያጠማዝዙ ታዩ። ማን አየ ትሉ ይሆናል፤ ያላየ የለም።